ተከታታይ መጻሕፍትና የአንባቢው ፍርድ

ብቻውን ለወጣ መጽሐፍ የሚሰጠው ፍርድና ከተከታታዮች አንዱ ለሆነ መጽሐፍ የሚሰጠው ፍርድ አንድ ዓይነት አይደለም። ብቻውን የቆመ ልቦለድ የሚመዘነው በራሱ ነው፤ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ሆኖ የመጣ ልቦለድ ግን ገና ሳይገለጥ ታላቅ ወንድሙ ከፊቱ ቆሞ ይጠብቀዋል። አንባቢው አዲሱን ገጽ የሚያነበው ከትዝታው ጋር እያስተያየ ነው። ትዝታ ደግሞ ዳኛ ሲሆን ከአድልዎ አይጸዳም። ይህ ሆኖ ሳለ በሥነ ጽሑፍ ውይይት ላይ ደራሲውና ድርሰቱ ሲሔሱ፣ የአንባቢው አስተያየት አንድም እንደ ሕዝብ ድምፅ ያለ ምርመራ ይወደሳል፤ አንድም እንደ ተራ ወሬ ይናቃል። ሁለቱም አይበጁም። አስተያየት እንደ ማንኛውም ሥራ ሊመረመር፣ ምክንያቱ ሊፈተሽና ብስሉ ከጥሬው ሊለይ ይገባዋል።

አንባቢ ሲባል በአየር ላይ የተንሳፈፈ ፍጡር አይደለም፤ ስፍራና ኑሮ አለው። ዓለም ገናን ለምሳሌ መውሰድ ይቻላል። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚያመራው አውራ ጎዳና የቡታጅራውን መንገድ የሚለየው እዚህ ነው። ከዋና ከተማዋ ዙሪያ ያሉት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልለዋል። በእንዲህ ያሉ ከተሞች የሚኖረው መምህር፣ ሠራተኛና ተማሪ መጽሐፍን ከአዟሪ ይገዛል፤ ከጓደኛ ይዋሳል፤ ለሌላው ያቀብላል። ተከታታይ መጻሕፍት በዚህ መንገድ ሲጓዙ ይበታተናሉ። የመጀመሪያው ቅጽ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ጥራዙ ይለቃል፤ ሁለተኛው ከአንድ ቤት ገብቶ ይቀራል፤ ሦስተኛው ከነጭራሹ አይደርስም። ሦስተኛውን አስቀድሞ ያገኘውም ከመጨረሻው ይጀምራል። እንግዲህ አንድ ሰው «አንብቤዋለሁ» ሲል የትኞቹን ቅጾች፣ በየትኛው ቅደም ተከተል እንዳነበበ ሳይጠየቅ የተወሰደ አስተያየት ከመነሻው ጎደሎ ነው።

ስለ ተከታታይ መጻሕፍት በየቦታው የሚሰማው አስተያየት ተጣርቶ ቢታይ በሦስት ይከፈላል። አንደኛው «የመጀመሪያው ይሻላል» የሚል ነው። ሁለተኛው «ከዚያስ ምን ሆነ?» የሚል ነው። ሦስተኛው «አሁን አገሩን አወቅሁት» የሚል ነው። ሦስቱም በአማርኛ ልቦለድ ውስጥ የየራሳቸው ማስረጃ አላቸው።

«የመጀመሪያው ይሻላል» የሚለው ፍርድ በደንብ ሊፈተሽ የሚችለው በብርሃኑ ዘሪሁን «ማዕበል» ላይ ነው። ሥራው በ1970ዎቹ የመጀመሪያ አጋማሽ በሦስት መጻሕፍት የወጣ ሲሆን፣ እነርሱም «የአብዮት ዋዜማ»፣ «የአብዮት መባቻ» እና «የአብዮት ማግስት» ናቸው። ደራሲው በጋዜጠኝነት የሠራ፣ በአጭርና በፈጣን ዓረፍተ ነገሩ የታወቀ ሰው ነበር። የመጀመሪያው መጽሐፍ መሠረቱ የ1965 እና የ1966 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ነው። ረሃብ ለልቦለድ ከባድ ቢሆንም ግልጽ የሆነ ጉዳይ ነው፤ ተጎጂው ይታወቃል፤ ረሃቡን የሸሸገው ሥርዓትም ይታወቃል። ደራሲው ብዕሩን ሲያነሣ ያ ሥርዓት ወድቋል፤ ታሪኩም ተዘግቷል። ስለዚህ አንባቢውም ደራሲውም ከአንድ ወገን ቆመው ወደ ኋላ ይመለከታሉ።

«ማግስት» ግን የተለየ ነገር ነው። ማግስቱ ሲጻፍ ገና አልመሸም ነበር። ደራሲው የሚጽፈው ራሱ ስለሚኖርበት፣ ፍጻሜው ስላልታወቀና ሁሉም ስለሚፈራው ጊዜ ነው። መጻሕፍትም ሳንሱርን ሳያልፉ አይታተሙም ነበር። በ1975 ዓ.ም. የታተመው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ወዲያው ከገበያ መታገዱና ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. እንደ ወጣ መቅረቱ የዚያን ዘመን የብዕር ዋጋ ያሳያል። እንግዲህ የ«ማግስት»ን አንባቢ «ትንፋሽ አጠረው» የሚያሰኘው ስሜት እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱን ግን ከደራሲው ችሎታ ብቻ መፈለግ ስሕተት ነው። ሦስተኛውን ከመጀመሪያው ጋር ሲያወዳድር ሁለት መጻሕፍትን ብቻ ሳይሆን ሁለት ዘመናትንም እያወዳደረ ነው። አንዱ ዘመን ሙሉ በሙሉ ሊነገር ይቻል ነበር፤ ሌላው ግን ከፊሉ በዝምታ ታልፏል።

ይህ ማለት ግን ደራሲው ሁሉ በዘመኑ ይማካኝ ማለት አይደለም። ሳንሱር የሚከለክለው የሚነገረውን እንጂ ሰውን ሕያው አድርጎ መሣልን አይደለም። በአንድ ሥራ ውስጥ ሰዎቹ በደረሰባቸው ነገር የተነሣ መለወጥ ሲገባቸው በድርጊቱ ጎርፍ ተጠርገው ብቻ ከተወሰዱ፣ ጉድለቱ የዘመኑ ሳይሆን የድርሰቱ ነው። የበሰለ አንባቢ ሁለቱን ይለያል።

ይኸው ፍርድ በክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ሥራዎች ላይም ሲሰነዘር ይኖራል። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958፣ «ወንጀለኛው ዳኛ» በ1974፣ «የልምዣት» በ1980 ዓ.ም. ታተሙ። በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል 16 ዓመታት አሉ። በዚህ መካከል የመጀመሪያው መጽሐፍ ብቻውን ገነነ፤ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ ደግሞ ፊደል ያልቆጠረው ሰው ሳይቀር በዛብህን፣ ሰብለ ወንጌልንና ጉዱ ካሣን እንደ ዘመዶቹ አወቃቸው። ከዚያ በኋላ የመጣ መጽሐፍ ሁሉ ከመጽሐፍ ጋር ብቻ ሳይሆን ከተወደደ ድምፅም ጋር መወዳደር ነበረበት።

ሆኖም በዛብህና ሰብለ ወንጌል ሞተዋል። በእነርሱ በኩል የሚቀጥል ታሪክ የለም። ሦስቱን መጻሕፍት የሚያያይዛቸው ክር ካለ የሰዎች ሕይወት ሳይሆን ጥያቄ ነው፤ ይኸውም በማዕርግና በባላባትነት ላይ በቆመ ኅብረተሰብ ውስጥ ፍትሕ ከወዴት ይገኛል የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ በርዕሱ ላይ ሳይቀር ያስቀመጠውን «ወንጀለኛው ዳኛ»ን አንብቦ ወደ መጀመሪያው የሚመለስ ሰው፣ የፊታውራሪ መሸሻን ቤት እንደ ቀድሞው አያየውም። ቀድሞ ከፍቅሩ ታሪክ ጎን ያለ መስሎት ያለፈው የባላገሮቹ አቤቱታ አሁን ወደ መካከል ይመጣል። በአፍሪካ ሥነ ጽሑፍም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። የናይጄሪያዊው ቺኑዋ አቼቤ የመጀመሪያ ልቦለድ እ.ኤ.አ. በ1958 ወጥቶ በዋናው ሰው በኦኮንኮ ሞት ይዘጋል፤ የ1960ው መጽሐፍ የልጅ ልጁን ይከተላል፤ የ1964ቱ ደግሞ ወደ ቅኝ አገዛዙ ዘመን ተመልሶ የሌላ መንደር ካህንን ያነሣል። ሆኖም ሦስቱ እንደ አንድ ሥራ ይነበባሉ። በኦኮንኮ ፋንታ ሌላ ኦኮንኮን የፈለገ አንባቢ ቅር ይለዋል፤ ጥያቄውን የተከተለ ግን ይጠግባል።

ሁለተኛው አስተያየት፣ ማለት «ከዚያስ ምን ሆነ?» የሚለው፣ በሐያስያን ዘንድ ሲናቅ ቆይቷል። በ2000ዎቹ ዓመታት የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ»ና ተከታዩ «ራማቶሓራ» በወጣቱ እጅ ሲገቡ፣ ወጣቱ ያነባቸው ከምስጢር ወደ ምስጢር በሚወስደው የልብ ሰቀላ ተስቦ ነው። ይህን እንደ ነውር መቁጠር አይገባም። የታሪክን ፍጻሜ መፈለግ ከተረት ጀምሮ የነበረ የሰው ጠባይ ነው። ስኮትላንዳዊው ደራሲ ኮናን ዶይል መርማሪውን ሼርሎክ ሆምስን እ.ኤ.አ. በ1893 ገደለው፤ አንባቢዎች ግን አምርረው በመቃወማቸው በ1903 ከሞት መልሶታል። የአንባቢ ጉጉት ኃይል አለው። ሆኖም ጉጉት መነሻ እንጂ ፍርድ አይደለም። ምስጢሩ ከተፈታ በኋላ መጽሐፉን ዳግመኛ ለማንሣት የሚጋብዝ ነገር መቅረቱና አለመቅረቱ ነው መመዘኛው። መምህሩ ተማሪውን «ለምን ይህን ታነባለህ?» ብሎ ከሚነጥቀው ይልቅ «ፍጻሜውን ካወቅህ በኋላ ምን ቀረህ?» ብሎ ቢጠይቀው፣ ከአንባቢነት ወደ ሐያሲነት የሚያደርሰውን ደረጃ ያሳየዋል።

ሦስተኛው አስተያየት ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻ ነው። የፍቅረ ማርቆስ ደስታ «ከቡስካ በስተጀርባ»፣ «ኢቫንጋዲ» እና «የዘርሲዎች ፍቅር» የተሰኙት ተከታታይ ልቦለዶች የሐመርን ሕዝብ ኑሮ ለአማርኛ አንባቢ አቅርበዋል። በብዙ አንባቢ ዘንድ ስለ ደቡብ ኦሞ ያለው ሥዕል የተቀረጸው በእነዚህ መጻሕፍት ነው። ይህ ቀላል አገልግሎት አይደለም። ነገር ግን ተከታታይነት የራሱ ማሳመኛ አለው። በመጀመሪያው መጽሐፍ እንግዳ የነበረው ሥርዓት በሁለተኛው ይለመዳል፤ በሦስተኛው አንባቢው ራሱን እንደ አገሩ ሰው ይቆጥራል። «አሁን ሐመርን አወቅሁት» ይላል። ያወቀው ግን አንድ ደራሲ ያየውን፣ የመረጠውንና በልቦለድ ሕግ ያቀናበረውን ሐመር ነው። በዚህ ጉዳይ ገና በበቂ ያልተሰማው አስተያየት የሐመሮች የራሳቸው ነው። ስለ አንድ ሕዝብ ሦስት መጻሕፍት ሲጻፉ፣ ያ ሕዝብ በባለጉዳይነት ብቻ ሳይሆን በአንባቢነትም ሊጠየቅ ይገባዋል። ትምህርት በቤቱ ከገባለት ወጣት ሐመር የሚመጣ ሒስ ከመሐል አገር ከሚመጣ የአድናቆት ክምር ይበልጣል።

ከእነዚህ ሦስት ጉዳዮች ሦስት መመዘኛዎች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ተከታዩ መጽሐፍ የቀደመው ሊያነሣው ያልቻለውን ጥያቄ አንሥቷልን? ሁለተኛ፣ ሰዎቹ በደረሰባቸው ነገር ተለውጠዋልን? ሦስተኛ፣ ተከታዩ ከተነበበ በኋላ የቀደመው በአዲስ ዓይን ይታያልን? ሦስቱንም የሚያሟላ ሥራ ተከታታይ መሆኑ ተገቢ ነው። አንዱንም የማያሟላ ግን በገበያ ፍላጎት የተራዘመ አንድ መጽሐፍ ነው።

ኃላፊነቱ ግን የአንባቢው ብቻ አይደለም። የግብፃዊው ናጂብ ማህፉዝ የካይሮ ሦስት መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1956 እና በ1957 ለየብቻ ቢወጡም ሲጻፉ አንድ ድርሰት ነበሩ፤ የከፈላቸው የርዝመታቸው ነገር ነው። እኛም ዘንድ ቢሆን የወረቀትና የኅትመት ዋጋ ረዥሙን ሥራ ሲከፋፍል፣ የተከፈለውን መልሶ የማገናኘት ግዴታ በአሳታሚውና በቤተ መጻሕፍቱ ላይ ይወድቃል። ቅጹ ስንተኛ መሆኑን በጀርባው ላይ በጉልህ ማተም፣ ቀዳሚውን ታሪክ በአንድ ገጽ ማስታወስ፣ እንደገና ሲታተምም ሁሉንም ቅጾች በአንድነት ማውጣት ብዙ ወጪ የማይጠይቁ ሥራዎች ናቸው። የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ባለባት በሰበታ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ገጽታ አለው። በብሬይል ሲጻፍ አንዱ ቅጽ ራሱ ብዙ ጥራዝ ስለሚሆን፣ ለዓይነ ስውሩ አንባቢ ሦስተኛውን መጽሐፍ ማግኘት ይበልጥ ይርቃል። በድምፅ የተቀረጹ ሙሉ ተከታታዮች ካልተዘጋጁለት፣ ፍርድ የመስጠት መብቱ በመጀመሪያው ቅጽ ላይ ይቆማል።

ዓለም ገና የሚለው ስም ያላለቀ ነገር መኖሩን ይናገራል። ተከታታይ ልቦለድም በአንባቢው እጅ እንዲሁ ነው፤ የመጨረሻው ቅጽ እስኪነበብ ድረስ የመጀመሪያው አላለቀም። ስለዚህ ሦስተኛውን ሳያነቡ የመጀመሪያውን ማንገሥ፣ የመጀመሪያውን ሳያነቡም ሦስተኛውን መኰነን ፍርደ ገምድልነት ነው። መምህሩ በክፍሉ፣ ከያኒው በመድረኩ፣ የባህል ሠራተኛውም በንባብ ክበቡ አስተያየት ሲሰበስብ፣ «ወደድኸውን?» ከማለቱ በፊት «ስንቱን አነበብህ?» ብሎ ይጀምር። ከዚህ ጥያቄ የሚጀምር ውይይት ለደራሲውም ለአንባቢውም የሚጠቅም ሒስ ያፈራል።