አፈርና ፊልም፤ በጨው ሐይቅ ዳር ስላለ አንድ ሥራ

የሥነ ጥበብ ሥራ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በሸራ ላይ የተቀባ ሥዕል ወይም ከድንጋይ የተቀረጸ ምስል ነው። ስለዚህ አፈርና ድንጋይ በመኪና እየጫኑ ሐይቅ ውስጥ መድፋት ጥበብ ነው ሲባል የሚሰማ ሰው «ለምን ይጠቅማል?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ለዚህ ጥያቄ መልስ እንዲሆነን አሜሪካዊው ሮበርት ስሚትሰን በዩታ ግዛት፣ በታላቁ የጨው ሐይቅ የሠራውን «ስፓይራል ጄቲ» መርጠናል፤ ትርጓሜውም ወደ ውሃ የገባ ጥምዝ መራመጃ ማለት ነው።

ሥራው የተሠራው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1970 ነው። ከ6,000 ቶን የሚበልጥ ጥቁር ድንጋይና አፈር ከዳር ተነሥቶ፣ ርዝመቱ 457 ሜትር፣ ስፋቱ 4.6 ሜትር ያህል የሆነ መንገድ ሆኖ፣ ወደ ቀላው ውሃ ገብቶ ወደ ውስጥ ይጠመዘዛል። በዚያው ዓመት ስሚትሰን ስለ ሥራው ከግማሽ ሰዓት ጥቂት የሚበልጥ ፊልም አዘጋጀ። በፊልሙ መኪኖቹ ድንጋዩን ሲደፉ፣ እርሱም በመንገዱ ላይ እስከ መጨረሻው ሲሮጥ ይታያል።

በ1972 ሐይቁ ሞልቶ ሥራውን ሸፈነው፤ ስሚትሰንም በ1973 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ከዚያ በኋላ ለሠላሳ ዓመት ያህል መንገዱ አብዛኛውን ጊዜ ከውሃ በታች ስለ ነበረ፣ ሕዝብ ያወቀው በፊልምና በፎቶግራፍ ነው። እንግዲህ ፊልሙ አፈሩን ተክቶታል የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። በእኛ አስተያየት ግን አልተካውም። ከሄሊኮፕተር የተነሣው ምስል ሥራውን በአንድ ጊዜ ከላይ ያሳየናል፤ በእግሩ የሚሄድ ሰው ግን እንዲህ አያየውም። የድንጋዩን አለመስተካከል፣ የጨውን ቅርፊት፣ እየተጠማዘዙ የመሄድን ዝግታ የሚያስተምረው ራሱ መሬቱ ብቻ ነው።

አፈሩም ቢሆን ብቻውን ጎደሎ ነው። በ2002 ውሃው ሸሽቶ መንገዱ እንደገና ተገለጠ፤ በ2022 ደግሞ ሐይቁ እስከዚያ ከተመዘገበው ሁሉ ዝቅተኛ ደረጃ ደረሰ። ምክንያቱም ድርቅ ብቻ አይደለም፤ ወደ ሐይቁ የሚፈሱት ወንዞች ለእርሻና ለከተማ አስቀድመው ስለሚጠለፉ ጭምር ነው። ስሚትሰን በፊልሙ ከጥምዙ መካከል ሆኖ በየአቅጣጫው የሚታየውን ሲቈጥር ውሃ ከቈጠራው አይቀርም። ከ2002 ወዲህ በዚያው ስፍራ ቆሞ የቈጠረ ጎብኚ ግን በብዙው ጊዜ ውሃውን ያገኘው ርቆ ነው።

ድንጋዩ ብቻ ቢሆን ኖሮ የሸሸውን ውሃ አይነግረንም፤ ፊልሙ ብቻ ቢሆን ኖሮ ውሃው አሁንም በቦታው ያለ ይመስለን ነበር። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀርቡ ግን አንዱ ለሌላው ምስክር ይሆናል። ስሚትሰን ይህን አስቀድሞ ተንብዮ ነበር ብለን የሐሰት ምስጋና አንሰጠውም። ነገር ግን ሥራውን ለጊዜና ለተፈጥሮ አጋልጦ ስለ ተወው፣ ጊዜ የሠራውን ልናነብበት ቻልን።

ስለዚህ ይህን ፊልም ለተማሪዎች የሚያሳይ መምህር በፊልሙ ብቻ እንዳይወሰን እንመክራለን። ከሐይቁ መሸሽ በኋላ የተነሣ ፎቶግራፍ በአጠገቡ ያኑርና «ውሃው ወዴት ሄደ?» ብሎ ይጠይቅ። ለምን ይጠቅማል ለሚለውም መልሱ ከዚያ ይገኛል።