በመስኮት የገባ ፍቅር

ብዙ የተነበበ መጽሐፍ ወዳጅ ብቻ አያፈራም። አንብቦ የሚጠላው አለ፤ ሳያነብ የሚጠላውም አለ። አንብቦ የሚወደው አለ፤ ፊልሙን አይቶ "አንብቤዋለሁ" የሚልም አለ። አሜሪካዊቷ ደራሲ ስቴፈኒ ሜየር አራቱንም በብዛት ያፈራች ሴት ናት። እኔ በዚህ ጽሑፍ ላሳይ የምፈልገው ሙግቱ ባሌ ደጋ ወጥቶ ሮቤና ጎባ ሲደርስ ምን መልክ እንደያዘ ነው። በመጨረሻም የራሴን ፍርድ እሰጣለሁ።

መጽሐፉን ላላነበቡ ፍሬ ነገሩን ላስቀድም። "ትዋይላይት" የተባለው የመጀመሪያው ቅጽ የታተመው መስከረም 25 ቀን 1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጥቅምት 5 ቀን 2005) ነው። "ኒው ሙን"፣ "ኢክሊፕስ" እና "ብሬኪንግ ዶውን" እስከ 2008 እ.ኤ.አ. በየዓመቱ ተከታተሉት። መጻሕፍቱ ከ100 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጠዋል፤ ከ2008 እስከ 2012 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜም በአምስት ፊልሞች ተሠርተዋል። ታሪኩ የሚጀምረው የ17 ዓመቷ ቤላ ስዋን ፎርክስ ወደምትባል፣ ዝናብ ወደማይለያት ትንሽ የአሜሪካ ከተማ ሄዳ ኤድዋርድ ከለን የሚባል መልከ መልካም ተማሪ ስትወድ ነው። ተማሪው ግን ሰው አይደለም። በ1901 እ.ኤ.አ. ተወልዶ፣ እኛ "የኅዳር በሽታ" ያልነው ወረርሽኝ በ1918 ሊገድለው ሲል ደም መጣጭ ሆኖ የቀረ፣ ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ያላረጀ ፍጡር ነው። የቤላ ደም ከሰው ሁሉ ደም አብልጦ ያስጎመጀዋል፤ እሱ ደግሞ ይወዳታል። አራቱም መጻሕፍት በዚህ ጥማትና በዚህ ፍቅር መካከል የተወጠሩ ናቸው።

ከሮቤና ከጎባ ወጣቶች ጋር ስነጋገር እንደታዘብኩት፣ ሜየር እዚህ ይበልጥ የምትታወቀው በፊልሞቹ ነው። እንግሊዝኛውን መጽሐፍ ያነበቡት ጥቂቶች ናቸው፤ አንዱ ቅጂ በሁለቱ ከተሞች መካከል ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ልባሱ ይላቀቃል። ክርክሩ ግን ባነበበውም ባየውም ዘንድ እኩል የጋለ ነው፤ ተከራካሪዎቹንም በአራት ወገን መክፈል ይቻላል።

የመጀመሪያው ወገን የቋንቋ ሰዎች ናቸው። ስመ ጥሩው የአስፈሪ ታሪኮች ደራሲ ስቲቨን ኪንግ በ2009 እ.ኤ.አ. ሜየር መጻፍ አትችልበትም ሲል በግልጽ ተናግሯል። በሮቤም እንደሱ የሚፈርዱ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች አጋጥመውኛል። ከእውነት የራቁ አይደሉም። ሜየር የኤድዋርድን መልክ ስትገልጽ ቅጽል አትቆጥብም፤ ቁንጅናውን አንዴ ነግራን አንባቢዋን በማመን ፈንታ በየምዕራፉ ትደጋግመዋለች። ይሁንና ይህ ፍርድ አንድ ጥያቄ ሳይመልስ ይቀራል። በደካማ ዐረፍተ ነገር የተሠራ መጽሐፍ ሞልቷል፤ ልጃገረድ እንቅልፏን አጥታ የምታነበው ግን ጥቂቱን ነው። ቋንቋው ካልሆነ ታዲያ የያዛት ምንድን ነው?

ሁለተኛው ወገን ወላጆች ናቸው። ይህ ወገን በአሜሪካም ኃይለኛ ነበር። የሀገሪቱ የቤተ መጻሕፍት ማኅበር ለ2009 እና ለ2010 እ.ኤ.አ. "ከመደርደሪያ ይነሱ" የሚል አቤቱታ የበዛባቸውን አሥር አሥር መጻሕፍት ሲዘረዝር የሜየር ሥራዎች በሁለቱም ዓመታት ነበሩበት። በባሌ ደግሞ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ወላጅ የሚስማማበት ጉዳይ ነው፤ "ከመንፈስ ጋር መፋቀር ምን የሚሉት ጨዋታ ነው?" ይላል። ይህን ያልተማረ ሰው ፍርሃት ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ እኔ ግን ማለፍ አልፈልግም። በእኛ ሀገር ሰው ያልሆነ አፍቃሪ በልብ ወለድ ብቻ የሚገኝ ፍጡር ሆኖ አያውቅም። ዓይነ ጥላ የሚባለው መንፈስ ቆንጆ ልጅ ወድዶ፣ በሕልሟ እየመጣ፣ ሽማግሌ በተላከ ቁጥር ነገሩን እያበላሸ ሳታገባ ያስቀራታል ተብሎ ይታመናል። ክርስቲያኑ ጸበል ያስጠምቃታል፤ ሙስሊሙ ጅን ነው ብሎ ቁርኣን ያስቀራባታል። እንግዲህ አንዲት የጎባ እናት "የማያረጅ፣ ሌሊት ሌሊት በመስኮት እየገባ ልጅቱ ስትተኛ ሲያያት የሚያድር፣ ሌላ ወንድ እንዲቀርባት የማይወድ" የተባለ አፍቃሪ ታሪክ ስትሰማ፣ የሰማችው የምታውቀውን ሕመም ነው። የባሕር ማዶ ሐያስያን ብዙ ገጽ የጻፉበትን መስኮት እሷ መጽሐፉን ሳትገልጥ አይታዋለች።

ሦስተኛው ወገን፣ ቁጥሩም የሚበዛው፣ የልጃገረዶቹ ነው። የእነሱን ነገር በትዕግሥት የሚያዳምጥ ሰው ጥቂት ነው፤ "መልኩ ማርኳቸው ነው" ተብሎ ይታለፋል። ያነጋገርኳቸው ልጆች ግን ስለ መልኩ ብዙ አላወሩም፤ የነገሩኝ ስለ እጁ ነው። የሚከንፍ መኪና በእጁ መግታት የሚችል ወንድ፣ ቢፈልግ ሊገድላት የሚችል ወንድ፣ እየጎመጃት ራሱን ይገታል። እስክንጋባ እንቆይ የሚለው እሱ ነው፤ የምትቸኩለው እሷ ናት። አንዷ ባጭሩ "ጉልበት እያለው ያልተጠቀመበት ወንድ" አለችኝ። በዚህ አባባል ውስጥ፣ ልጅቱ ስላነበበችው መጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ስለምትኖርበት ዓለምም ብዙ ነገር አለ።

አራተኛው ወገን ከእነዚሁ ልጃገረዶች መካከል የወጣ ነው፤ ከጓደኞቹም ጋር የከረረ ጠብ አለበት። "ይህ ጠለፋ ነው እንጂ ፍቅር አይደለም" ይላል። ማስረጃውንም ከዚያው ከመጽሐፉ ይጠቅሳል። ኤድዋርድ ቤላ ሳታውቅ መኝታ ቤቷ እየገባ ተኝታ ያያታል። በ"ኢክሊፕስ" ወዳጇን ጄኮብን ሄዳ እንዳትጎበኝ ከመኪናዋ ሞተር ዕቃ ይፈታል። እሱ ሲርቅ ደግሞ ለእኅቱ ለአሊስ ውድ መኪና ሰጥቶ ቤላን ከቤት እንዳትወጣ እንድትጠብቅለት ያደርጋል። ይህ ሁሉ የሚደረገው "ለደኅንነትሽ ነው" እየተባለ ነው።

የባሌ አንባቢ ከሌላው የሚበልጥበት ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። በአርሲና በባሌ ኦሮሞ ዘንድ ትዳር የሚመሠረትባቸው መንገዶች እያንዳንዳቸው ስም አላቸው። ቡቲ ጠለፋ ነው፤ ወንዱ ልጅቱን በጉልበት ይወስዳል። አሴና የዚያ ተቃራኒ ነው፤ ልጅቱ ራሷ መርጣ፣ ራሷ ተነሥታ ወደ ወደደችው ወንድ ቤት ትገባለች። ቃሉም "መግባት" ከሚለው የኦሮምኛ ግሥ የመጣ ነው። በአንደኛው መንገድ ሴቷ ዕቃ ናት፤ በሁለተኛው ባለ ጉዳይ ናት። የሜየር አንባቢዎች ሙግት በእነዚህ ሁለት ቃላት ሲመዘን ይጠራል። ሦስተኛው ወገን አሴናን አነበበ፤ አራተኛው ቡቲን አነበበ።

በእኔ እምነት ሁለቱም በደንብ አንብበዋል፤ መጽሐፉ ሁለቱንም ይዟልና። ቤላ የሚያስፈራውን እያወቀች በእግሯ ወደ ከለኖች ቤት የገባች ልጅ ናት። በሚያሰጋ እርግዝናዋም ጊዜ፣ እንደ እነሱ ለመሆን ስትቆርጥም፣ ኤድዋርድ እያመነታና እየተቃወመ ውሳኔው የእሷ ነው። ይህ አሴና ነው። ወደዚያ ቤት የሚያደርሰውን መንገድ ግን የጠረገው እሱ ነው። መስኮቱን የከፈተ እሱ፣ መኪናዋን ያቆመ እሱ፣ ማንን ማየት እንደሚገባት የወሰነ እሱ ነው። ይህ ቡቲ ነው፤ ፈረስ የሌለው ቡቲ። ኤድዋርድ ስለ ገላዋ ይጠነቀቃል፤ ስለ እንቅልፏ ግን አልጠየቃትም፤ ስለ መንገዷም አልጠየቃትም።

ይህ ልዩነት ለእኛ የቃላት ጨዋታ አይደለም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት ካገባ ከክስ የሚያመልጥበትን በር ክፍት ትቶለት ነበር። በሩ የተዘጋው ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በጸናው የወንጀል ሕግ ነው። አንቀጽ 587 ሚስት ለማድረግ ሲል የጠለፈን ሰው ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል፤ ከጠለፋው በኋላ የተፈጸመ ጋብቻም ነጻ አያወጣውም። "ትዋይላይት" የታተመው ከዚያ በኋላ አምስት ወር ሳይሞላ ነው። ነገሩ አጋጣሚ ነው፤ ግን የሮቤ ልጃገረድ መጽሐፉን ስታነብ እናቷ ያ በር ክፍት በነበረበት ዘመን ያደገች ሴት ናት። በአጎራባቹ አርሲ ተጠልፋ ጠላፊዋን የገደለች የ14 ዓመት ልጅን እውነተኛ ታሪክ መነሻ ያደረገውን የዘረሰናይ ብርሃኔ መሓሪን "ድፍረት" የተባለ ፊልም ያየች ልጅም፣ ኤድዋርድ በመስኮት ሲገባ ልቧ በደስታ ብቻ አይመታም።

ሜየር ለነቃፊዎቿ መልስ ሰጥታለች። ቤላ ሁልጊዜ አዳኝ የምትጠብቅ ደካማ ሴት ናት ሲሏት፣ በ2015 እ.ኤ.አ. "ላይፍ ኤንድ ዴዝ" በተባለው መጽሐፍ ጾታውን ገልብጣ፣ ሰው የሆነውን ወንድ፣ ደም መጣጯን ሴት አድርጋ ታሪኩን እንደገና ጻፈችው። ብልኃቱ ያስደስታል፤ ጥያቄውን ግን አይነካም። ማን ደካማ ነው ከሚለው ይልቅ የሚያጣላን ማን ማንን ጠየቀ የሚለው ነውና። በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣችው "ሚድናይት ሰን" ይሻላል። ታሪኩን ከኤድዋርድ አንደበት ስንሰማው፣ ድርጊቱ ነውር መሆኑን እያወቀ የሚደጋግም፣ መስኮቱ እንዳይንሲያጠጥ ስለ ዘይት የሚያስብ ወንድ እናገኛለን። ከሜየር ገጾች ሁሉ ለእኔ እጅግ የሚያስፈራው ይህ ነው። ደሙን ከማየት ዘይቱን ማሰብ ይከብዳል።

ማንን ጠየቅሽ የሚለው ጥያቄ ለራሷ ለደራሲዋም ይቀርባል። ጄኮብና ዘመዶቹ ተኩላ የሚሆኑ ሰዎች ናቸው፤ ሕዝባቸው ኩዊሊዩት ይባላል፤ ዛሬም በዚያው በአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ የሚኖር እውነተኛ ሕዝብ ነው። ከተኩላ ተለውጠን ሰው ሆንን የሚል ጥንታዊ ትረካም አለው። ሜየር ከዚያ ተነሥታ ደም መጣጭ ጠላት ጨመረችበት፤ ከሽያጩ ትርፍ ለሕዝቡ የደረሰው ነገር እንደሌለ ተቺዎች ጽፈዋል። የባሌ ሰው ይህን ሲሰማ ወደ ሳነቴ አምባ ማሰቡ አይቀርም። የእኛ ቀይ ቀበሮ በጠራራ ፀሐይ ፍልፈልና አይጥ የሚያድን ምስኪን ነው፤ ቁጥሩም ተመናምኖ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የቀረው በዚሁ በባሌ ተራሮች ነው። ነገ አንድ ሩቅ ሀገር ያለ ደራሲ ለፍቅር ታሪኩ ሲል ልጃገረድ ጠላፊ ቢያደርገው ቢያንስ "ማንን ጠየቅህ?" ማለታችን አይቀርም።

ሜየር ይበልጥ የምትደክምበት ቦታ ግን ሌላ ነው፤ ለማየት ከደጃችን መራቅ አያስፈልግም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት "ፍቅር እስከ መቃብር" ውስጥ በዛብህ ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት የገባው ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምር ተጠርቶ፣ በበር ነው። በኋላም ልብስ ለውጣ፣ ቤቷን ጥላ፣ እሱን ፍለጋ በእግሯ የወጣችው ራሷ ሰብለ ናት። ስለ ምርጫዋም ዋጋ ትከፍላለች፤ መንገዱ የሚያልቀው በመቃብር ነው። የሜየር ፍቅር ግን ከመቃብር ወዲያ ያለ ነው። ቤላ ዘላለምን መርጣ አባቷን አላጣችም፤ ልጅ ወልዳለች፤ ቁንጅናና ኃይልም ተጨምሮላታል። ምርጫ አለ፤ ዋጋው ግን በመጨረሻው ገጽ ተሠርዟል። ልጃገረዶቹን ከጠለፋው ይልቅ የሚያታልላቸው ይህ ይመስለኛል።

ፍርዴ እንግዲህ ይህ ነው። ሜየር ታላቅ ደራሲ አይደለችም፤ አንባቢዎቿም ሞኞች አይደሉም። በደካማ ቋንቋ አንድ ብርቱ ጥያቄ አንሥታለች፦ ጉልበት ያለው ሰው የሚወደውን እንዴት ይወዳል? መልሷ ግማሽ ነው፤ እጅን መግታት ታስተምራለች፤ ዓይንንና እግርን መግታት አታስተምርም። ስለዚህ መጽሐፉን ከልጅቱ እጅ የሚቀማ ወላጅ ግማሹን መልስም ይቀማታል። አንብባ ስትጨርስ አጠገቧ ተቀምጦ "ያን መስኮት ማን ከፈተው?" ብሎ የሚጠይቃት ግን የቀረውን ግማሽ ራሷ እንድትሞላው ይረዳታል።