ፓስታና ፒዛ ብቻ?

ጣሊያን ደርሶ የመጣ ሰው ምን በላህ ሲሉት “ፓስታና ፒዛ!” ይላል። ታዲያ ምን ያደርግ? አደባባይ ዳር ተቀምጦ፣ ፎቶ የተለጠፈበት ሜኑ ላይ በጣቱ እየጠቆመ ነው የበላው።

ጄኖቫ ግን የሽምብራ ዱቄት በውሃና በወይራ ዘይት በጥብጠው ምድጃ ውስጥ የሚጋግሩት “ፋሪናታ” አለላችሁ። ፓሌርሞዎች ያንኑ ሽምብራ ጠብሰው ዳቦ ውስጥ ይጨምሩታል፤ “ፓኔሌ” ነው። ፍሎረንስ ደግሞ የከብት ጨጓራ ቅቅል በዳቦ መንገድ ዳር ይሸጣል። ሁሉም የድሃ ምግብ ነው። ጣሊያኖቹ ግን አያፍሩበትም፤ በ1986 እ.ኤ.አ. ካርሎ ፔትሪኒ የጀመሩት “ስሎው ፉድ” እንዲህ ያለው ምግብ እንዳይጠፋ ይሟገታል።

ሽሮ በልቶ ያደገ ሰው ሽምብራውን ረግጦ አልፎ ስፓጌቲ ሲያሳድድ አያሳዝንም? የምትሄዱ ሰዎች፣ አስተናጋጁን ተዉትና የቀን ሠራተኛውን “ምሳህን የት ትበላለህ?” በሉት።