ለንባብ አዳራሹ ምስጋና

የመጻሕፍት ነገር ለሰሜን ሸዋ እንግዳ አይደለም። ደብረ ብርሃንን በ15ኛው መቶ ዘመን የቆረቆሩት ዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ ራሳቸው ደራሲ ነበሩ። የመርሐ ቤቴው ተወላጅ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ደግሞ በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙ የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍትን ዝርዝር አሳተሙ። ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር የተቋቋመው በ1936 ዓ.ም. ነውና መዝጋቢው ቤቱን በሦስት ዐሥርት ዓመታት ቀደሙት። ለእኔ ይህ የምዝገባ ሥራ ታላቅ ውለታ ነው።

ዛሬ ግን ከሁሉ አብልጬ የማመሰግነው ተራውን የሕዝብ ንባብ አዳራሽ ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ አጥንት ዘልቆ ይገባል። በአንድ ክፍል ከመላው ቤተሰብ ጋር የሚያድር የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ጸጥታ የሚያገኘው እዚያ ነው። ቦርሳውን በር ላይ አስረክቦ፣ ቁጥር ተቀብሎ፣ ጋቢውን ደርቦ ይቀመጣል። የሚገልጠው የፊዚክስ መጽሐፍ ጀርባው በፕላስተር ተጠግኗል፤ ጠርዙ በብዙ እጅ ጠቁሯል። ያን ፕላስተር የለጠፈችው ሠራተኛ ስሟ የትም አይጻፍም፤ መጽሐፉ ግን በእሷ እጅ ለስንቱ ተርፏል! ከቀዬው ተፈናቅሎ በከተማዋ የተጠለለ ልጅም በዚያው ወንበር፣ ያለ አንዳች ክፍያ፣ እኩል ይቀመጣል። አዳራሹ ቢዘጋ ያለው ገዝቶ ያነባል፤ የሌለው ወዴት ይሄዳል?

እባክዎ፣ አንብበው የጨረሱት መጽሐፍ ቤትዎ ካለ ለደብረ ብርሃን ወይም ለአንኮበር ልጆች ይላኩ።