ስሟ ያልተጠየቀ እናት

ዶሮቲያ ላንግ እ.ኤ.አ. በ1936 በካሊፎርኒያ፣ ኒፖሞ በተባለው የአተር ለቃሚዎች ሰፈር ያነሣችው የአንዲት እናት ፎቶግራፍ በዓለም እጅግ ከታወቁት አንዱ ነው። እናቲቱ እጇን ወደ ጉንጯ አስጠግታ፣ ሁለት ልጆቿም ፊታቸውን በትከሻዋ ሸሽገው ይታያሉ። የፎቶግራፉን ኃይል የሚክድ የለም፤ በጋዜጣ እንደ ወጣ ለሰፈሩ ምግብ ተልኳል፤ ምግቡ ሲደርስ ግን እርሷ ሄዳ ነበር። እኛ የምንነቅፈው አብሮት የተነገረውን ታሪክ ነው።

ላንግ በ1960 በጻፈችው ጽሑፍ የሴትዮዋን ስምም ሆነ ታሪክ እንዳልጠየቀች ገልጻለች፤ ሆኖም በዚያው ጽሑፍ የመኪናቸውን ጎማ ሸጠው ምግብ እንደ ገዙ ትተርካለች። ሴትዮዋ ፍሎረንስ ቶምሰን መሆኗ የታወቀው በ1978 ነው። ቤተሰቧ የጎማውን ነገር አስተባበለ፤ እርሷም ከፎቶግራፉ አንዲት ሳንቲም እንዳላገኘች ተናገረች።

እንግዲህ ፎቶግራፍ ለታየው ፊት ይመሰክራል፤ ላልተጠየቀው ታሪክ ግን ሊመሰክር አይችልም። ስለዚህ በግርጌው የሚጻፈው ቃል እንደ ማንኛውም ምስክር ቃል ሊመረመር ይገባዋል፤ ይልቁንም አንሺው ተሰሚ፣ ተነሺው ድሃ በሆነ ጊዜ።