ከአንበሳው ጋር መላመድ፦ ፍርሃት በልጆች የሥዕል መጻሕፍት

አንዲት ሴት የእንጀራ ልጇ አልቀርባት ይላል። ብታባብለው፣ ብትንከባከበው ፊቱን ያዞርባታል። መላ ፍለጋ ወደ አንድ አዋቂ ብትሄድ፣ «የሕያው አንበሳ ጢም አምጪልኝ» ይላታል። ሴትዮዋ ጦር አትወረውርም፣ ወጥመድም አትዘረጋም። ሥጋ ይዛ ትሄድና ከሩቅ አስቀምጣ ትመለሳለች። በማግስቱ ጥቂት ትቀርባለች፤ በሠልስቱ ደግሞ ሌላ ጥቂት። እንዲህ ስትል ስትል አንበሳው አጠገቧ ተቀምጦ የሚበላበት ቀን ይመጣል፤ ጢሙንም ትነቅላለች። በአንዳንዱ አተራረክ ጢሙ የጅራት ጸጉር ይሆናል፣ ሴትዮዋም በእንጀራ እናቷ የተከፋች ልጅ ትሆናለች።

ይህን የአገራችንን ተረት ረስል ዴቪስና ብሬንት አሽአብራነር እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተሙት የእንግሊዝኛ ስብስብ ውስጥ አስገብተውታል፤ የስብስቡንም ርዕስ የሰጠው የአንበሳው ጢም ነው። በ1995 ደግሞ ሁለት የሥዕል መጻሕፍት ወጡለት፤ አንዱ በናንሲ ሬይንስ ዴይ፣ ሌላው ልጅነቷን ማጂ ባሳለፈችው በጄን ከርትዝ። ተረቱ ለሥዕል መጽሐፍ መመቸቱ አያስገርምም። እያንዳንዱ ቀን አንድ ገጽ ነው፤ ገጹ በተገለጠ ቁጥር በሴትዮዋና በአንበሳው መካከል ያለው ቦታ ይጠብባል።

ስለ ልጆችና ስለ ፍርሃት ስናወራ አፋችን ላይ የሚቀድመው ቃል «ማሸነፍ» ነው። ልጁ ፍርሃቱን አሸነፈ፣ ጀግና ሆነ እንላለን። ሴትዮዋ ግን አንበሳውን አላሸነፈችውም። አላመደችው፤ በዚያው እሷም ለመደችው። «ተላመዱ» የሚለው ግሥ ሁለቱንም ወገን ያቅፋል፣ ጊዜንና ድግግሞሽንም በሆዱ ይይዛል። ስለ ፍርሃት ከተሠሩ የሥዕል መጻሕፍት ዘመን የተሻገሩት በዚህ ግሥ የሚሠሩት ናቸው ብዬ አምናለሁ። የሚሠሩትም በስብከት ሳይሆን በመጽሐፉ አካል፣ ማለትም በገጹ ስፋት፣ በህዳጉና በሚገልጠው እጅ ነው።

የሞሪስ ሴንዳክን «አውሬዎቹ ያሉበት» እንመልከት። መጽሐፉ በ1963 ታትሞ በቀጣዩ ዓመት ለሥዕል መጻሕፍት የሚሰጠውን የካልዴኮት ሜዳሊያ አግኝቷል። ማክስ የተኩላ ልብስ ለብሶ ቤቱን ሲያተራምስ እናቱ ትቆጣዋለች፤ እሱም እበላሻለሁ ይላታል፤ እራቱን ሳይበላ ወደ መኝታው ይላካል። ክፍሉ ውስጥ ጫካ ይበቅላል፣ ጀልባ ይመጣል፣ ማክስም ባሕር ተሻግሮ አውሬዎቹ ዘንድ ይደርሳል። ታሪኩ ይኸው ነው። ነገሩ ያለው ግን ሥዕሉ በገጹ ላይ በሚይዘው ቦታ ነው። መጀመሪያ ላይ ሥዕሉ ትንሽ ነው፤ በሰፊ ነጭ ህዳግ ታጥሮ ገጹ መሃል ይቀመጣል። ማክስ ከእናቱ ቁጣ እየራቀ ሲሄድ ህዳጉ ይጠብባል፣ ሥዕሉ ይሰፋል፣ ወደ ጎረቤቱ ገጽ ይሻገራል። የማክስና የአውሬዎቹ ጭፈራ ሲደራ ሥዕሉ ጭራሽ ጽሑፉን ከገጹ ያስወጣዋል፤ ሦስት ጊዜ በተከታታይ፣ ፊት ለፊት ያሉት ሁለት ገጾች ያለ አንዲት ቃል በሥዕል ብቻ ይሞላሉ። እዚህ ጋ የሚያነበው ትልቅ ሰው ዝም ከማለት በቀር ምርጫ የለውም። ልጁ ራሱ ያያል፤ ሲበቃው ራሱ ይገልጣል። ማክስ አውሬዎቹን የሚገራቸውም ቢጫ ዓይናቸውን ሳያርገበግብ ትኩር ብሎ በማየት ነው። ማለትም መጽሐፉን የያዘው ልጅ በዚያች ደቂቃ የሚያደርገውን ያንኑ ነው የሚያደርገው። እኔ ከዚህ የሥነ ጥበብ ዘርፍ በዚህ መጠን ቅርጽና ጉዳይ የተጋቡበት ሌላ ሥራ አላውቅም።

ሴንዳክ ብሩክሊን ውስጥ በ1928 የተወለደ፣ ከፖላንድ የተሰደዱ አይሁዶች ልጅ ነው። አውሬዎቹን የሣለው በልጅነቱ ቤታቸው እየመጡ ጉንጩን ይቆነጥጡት በነበሩ ዘመዶቹ አምሳል መሆኑን ተናግሯል። ጭራቁ ከሩቅ አገር አልመጣም፤ ሳሎን ተቀምጦ ምሳ የሚጠብቅ አጎት ነበር።

መጽሐፉ ሲወጣ ብዙዎች ለልጅ ይከብዳል ብለው ፈርተውለታል። ከነሱ መካከል ስሙ የገነነው የሥነ ልቦና ሊቁ ብሩኖ ቤትልሃይም ነው። በ1969 ሌዲስ ሆም ጆርናል በተባለው መጽሔት ላይ፣ መጽሐፉን ራሱ ሳያነበው፣ ከሌሎች በሰማው ብቻ ተቸው። ያስጨነቀው የአውሬዎቹ ጥርስ አልነበረም፤ እናት ልጇን እራቱን ከልክላ ብቻውን መተዋ ነበር። ሰውየው ከሰባት ዓመት በኋላ ስለ ተረት በጻፈው ዝነኛ መጽሐፉ፣ በተረት ውስጥ ያለው አስፈሪ ነገር ለልጅ አእምሮ እንደሚጠቅም ሽንጡን ገትሮ ተከራክሯል። እንዲህም ሆኖ በ1969 ያነሳውን ስጋት ልንቀው አልችልም። ልጅ ከጭራቅ ይልቅ የሚፈራው ጥሎት የሚሄድ ሰው መሆኑን በትክክል አይቷል። ያላየው የመጽሐፉን መጨረሻ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ኤድ ኤምበርሊ በ1992 ያወጣው የትልቁ አረንጓዴ ጭራቅ መጽሐፍ መንገዱ ሌላ ነው። ገጾቹ ተበስተዋል። በጥቁሩ ገጽ ላይ መጀመሪያ ሁለት ቢጫ ዓይኖች ብቻ ይታያሉ፤ ቀጣዩ ሲገለጥ አፍንጫ ይጨመራል፣ ከዚያ አፍና ጥርስ፣ ጆሮ፣ ጸጉር፣ በመጨረሻም አረንጓዴው ፊት። ጭራቁ ከተሟላ በኋላ ልጁ አንድ በአንድ ሂድ እያለ ያሰናብተዋል፤ ዓይኖቹ መጨረሻ ይጠፋሉ፣ ጥቁር ገጽ ይቀራል። ጭራቁን የሠራው የልጁ እጅ ነው፤ ያፈረሰውም ያው እጅ። ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ግን መሰናበቻው ነው፤ ልጁ እስኪጠራው ድረስ እንዳይመለስ ይታዘዛል። በሩ አልተቆለፈም። ልጁ መልሶ ሊጠራው እንደሚፈልግ ደራሲው ያውቃል፤ ልጆች ይህን መጽሐፍ ሲጨርሱ «ድገሚልኝ» የሚሉትም ለዚሁ ነው። ሴትዮዋ ወደ አንበሳው አንድ ቀን ብቻ ሄዳ ብትተወው ኖሮ ጢም አይኖርም ነበር።

በ2013 የወጣው «ጨለማው» ደግሞ፣ ሌሞኒ ስኒኬት ጽፎት ጆን ክላሰን የሣለው፣ የሚፈራውን ነገር አፍ ሰጥቶ ያናግረዋል። ላዝሎ ጨለማን ይፈራል፤ ጨለማው የሚኖረው ከቤቱ ሥር ባለው ምድር ቤት ነው። አንድ ሌሊት የመኝታ ክፍሉ አምፖል ሲቃጠል ጨለማው ራሱ መጥቶ ወደ ታች ይጠራዋል፤ እዚያም ከመሳቢያ ውስጥ አዲስ አምፖል ያሳየዋል። ብርሃኑን የሰጠው ጨለማው ነው! ከዚያ በኋላም ጨለማው ከቤቱ አልወጣም፤ አብረው ይኖራሉ። መብራት ሄደ ሲባል ሻማ ፍለጋ በዳበሳ ለሚኬድበት ቤት ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። በክላሰን ሥዕል ጥቁሩ ቀለም ከገጹ ግማሽ በላይ የሚይዝበት ጊዜ አለ፤ የላዝሎ የእጅ ባትሪ የምትቆርጠው ጠባብ ብርሃን ብቻ ናት። ልጁ የሚያየው ያችን ያህል ነው፤ ያችም መራመድ ታስችለዋለች።

ከእነዚህ ጎን ሌላ ዓይነት መጽሐፍ በብዛት ይታተማል። ልጁ ይፈራል፣ አባት መብራት ያበራል፣ አልጋው ሥር ያለው ጫማ ሆኖ ይገኛል፣ ሁሉም ይስቃል። ምንም የለም ይባላል። ይህን መልስ አልወደውም። የልጁን ፍርሃት እንደ ስሕተት ይቆጥረዋል፤ ልጁ ግን የፈራው በእርግጥ ፈርቶ ነው። ጫማውን ቢያሳዩት በነጋታው ማታ ሌላ ነገር ይተካል።

ነገሩ በእኛ ቤት አንድ ተጨማሪ ጓዳ አለው። ልጅን አያ ጅቦ መጣ፣ ጭራቅ ይወስድሃል እያልን አስተኝተናል፣ አብልተናል፣ ዝም አሰኝተናል። እኔም በዚያ ድምፅ ነው ያደግሁት። አያቴ ጅቡን ስትጠራው ተንቀጥቅጬ ብርድ ልብስ ውስጥ እገባለሁ፤ ያችው አያቴ ማታ ተረት ተረት ስትል ግን ያንኑ ጅብ ጭኗ ላይ ተኝቼ እሰማዋለሁ፣ እስቅበታለሁም። ጅቡ አንድ ነበር። ልዩነቱ ተረቱ መግቢያና መውጫ ያለው መሆኑ ነው፤ የእኔን ምላሽ ሳይሰማ አይጀመርም፣ የታወቀ መዝጊያም አለው። ማስፈራሪያው መዝጊያ የለውም። የሥዕል መጽሐፍ ሁለቱ ልባሶች የተረቱን መክፈቻና መዝጊያ ይመስሉኛል።

ቤትልሃይም ያላየው የሴንዳክ መጨረሻ እንዲህ ነው። ማክስ በአውሬዎቹ ላይ ነግሦ ሳለ የሚወደው ሰው ይናፍቀዋል፣ የምግብ ሽታም ከሩቅ ይመጣለታል፤ ወደ ክፍሉ ሲመለስ እራቱ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። እናቲቱ በመጽሐፉ ውስጥ አንድ ጊዜም አልተሣለችም። ከዚያ አንድ ገጽ ይቀራል፤ ሥዕል የሌለው፣ ነጭ፣ እራቱ ገና ትኩስ መሆኑን የሚናገር አጭር ሐረግ ብቻ የተጻፈበት። ማንበብ ያልጀመረው ልጅ በዚያ ገጽ ላይ የሚያየው ምንም ነገር የለም፤ የሚደርሰው የሚያነብለት ሰው ድምፅ ብቻ ነው።