ዜሮው የማን ነው?

ከጣና የሚወጣውን የዓባይ ውኃ ለመተንበይ ባሕር ዳር ላይ የተለካውን የዓመታት ቁጥር የሚዘረጋ ባለሙያ በቅድሚያ የሚያጣራው ነገር አለ፤ ልኬቱ ከጨረጨራ ግድብ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ከ1988 ዓ.ም. ወዲህ የሐይቁ መውጫ በዚህ ግድብ የሚከፈትና የሚዘጋ በር አለው፤ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የጣና በለስ ማመንጫ የሐይቁን ውኃ በዋሻ ወደ በለስ ይወስዳል። ከዚያ በኋላ ያለው ቁጥር የሚነግረን የክረምቱን ዝናብ ብቻ ሳይሆን በሩን የያዘውንም ሰው ውሳኔ ነው። ይህን የማያውቅ ሞዴል ዝናቡን የተማረ መስሎት የዘበኛውን ጠባይ ይማራል። የውኃ ባለሙያው ይህን ጥያቄ ሳይጠይቅ ሥራ አይጀምርም። የኔትወርክ ትራፊክ የምንተነብይና የሕዝብ ስሜት የምንተነትን ሰዎች ግን፣ የኢንተርኔቱ በር በገሃድ በሚዘጋበት አገር እየሠራን፣ ጥያቄውን እንዘለዋለን።

የትራፊኩን ሥራ እንመልከት። ሞዴሉ ከእያንዳንዱ የሞባይል ማማ በየሰዓቱ ስንት ጊጋባይት እንዳለፈ ይቀበልና የሚቀጥለውን ሰዓት ይገምታል። የቀንና የሳምንት ዑደትን በቀላሉ ይይዛል፤ በዓላት ላይ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ከሠለጠነ ይስታል። ጥምቀት ብዙውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ይውላል፤ ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ማግስት ግን፣ እንደ 2016ቱ፣ ወደ 20 ይሸሻል። ፋሲካ በ2016 ሚያዝያ 27፣ በ2017 ደግሞ ሚያዝያ 12 ነበር። ይህ በባሕረ ሐሳብ ይስተካከላል፤ ዋናው ችግር እሱ አይደለም። ዋናው ችግር መዝገቡ ውስጥ ያለው ዜሮ ነው። ሌሊት ማንም ስላልተጠቀመ ዜሮ ይመዘገባል። መብራት ሄዶ የማማው ባትሪ ሲያልቅም ዜሮ ነው። ሰኔ 15 ቀን 2011 ባሕር ዳር ላይ ከተፈጸመው ግድያ በኋላ እንደሆነው፣ ወይም ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ለወራት እንደቆየው፣ ኢንተርኔት ሲዘጋም ያው ዜሮ ነው። ሦስቱን መለየት ደግሞ አስቸጋሪ አይደለም። አንድ ማማ ብቻውን ከጠፋ መብራት ወይም ብልሽት ይጠረጠራል፤ የከተማው ማማዎች በሙሉ በአንድ ጊዜ ዳታቸው ወድቆ የድምፅ ጥሪያቸው ከቀጠለ ግን ከብልሽት ይልቅ ትእዛዝ ይጠረጠራል። ይህን የሚያሳይ አንድ ዓምድ መጨመርና የተዘጉትን ሰዓቶች ከሥልጠናው ማውጣት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የተለመደው ግን ዜሮውን እንዳለ መተው ወይም በአማካይ መሙላት ነው። የመጀመሪያው ሕዝቡ ኢንተርኔት አልፈለገም ይላል፤ ሁለተኛው ጭራሽ ምንም አልሆነም ይላል።

የአውታረ መረብ መሐንዲስ «እኔን የሚያሳስበኝ ያለፈው ጭነት ነው፤ ሲዘጋ ጭነት የለም፤ ስለዚህ ዜሮው ትክክል ነው» ሊል ይችላል። ለዛሬ ማታ እውነቱን ነው። ነገር ግን ያው ትንበያ በሚቀጥለው ዓመት ማማ የት ይተከል ለሚለው ውሳኔም ይቀርባል። እዚያ የሚፈለገው ያለፈው ሳይሆን የተፈለገው ነው፤ ለረጅም ጊዜ የተዘጋበት አካባቢ ደንበኛ የሌለው መስሎ ከዝርዝሩ ግርጌ ይገባል።

የስሜት ትንተና ላይ ጉዳዩ ይብሳል፤ ምክንያቱም እዚያ ዝምታ ዜሮ ሆኖ እንኳ አይታይም። ስለ ባሕር ዳር በአማርኛ የሚጻፈው ጽሑፍ ባሕር ዳር ስትዘጋ አይቆምም፤ አዲስ አበባም ዋሽንግተንም ይጻፋል፣ ምናልባትም ይበዛል። ግራፉ ሳይቆረጥ ይቀጥላል፤ የተለወጠው ተናጋሪው ነው። ሙያው እስካሁን የተጨነቀው በቋንቋው ነው፤ መጨነቁም ተገቢ ነው። የባሕር ዳርና የሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ሥራ ወደ 9,400 የሚጠጉ የአማርኛ ትዊቶች በቴሌግራም ቦት አማካይነት ለሦስት ሦስት ሰው እየቀረቡ ተመዝነዋል፤ የድካም ዋጋውም የሞባይል ካርድ ነበር። ይህ ጥንቃቄ ዋጋ አለው፤ መብራት ሲመላለስ በዋለበት ቀን «እናመሰግናለን መብራት ኃይል» ተብሎ ሲጻፍ ምስጋና አለመሆኑን የሚያውቀው ሰው ነውና። ሆኖም ጸሐፊውም መዛኙም ኢንተርኔት ያለው ሰው መሆን አለበት። ኢንተርኔት የተዘጋበት ሰው ምን እንደሚያስብ ቅኔ የሚፈታ ሞዴል ቢገኝ እንኳ አይነግረንም።

ዳታው ሲበዛ ይስተካከላል የሚሉ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው አፍሪሴንቲ የተባለው የስሜት ትንተና ስብስብ አማርኛን ጨምሮ በ14 የአፍሪካ ቋንቋዎች ከ110,000 በላይ ትዊቶችን ይዟል፤ ትልቅ ሥራ ነው። ግን ብዛት የሚያሻሽለው የተጻፈውን አረዳድ ነው፤ ያልተጻፈውን አያመጣም። ከዚህ ይልቅ የሚከብደኝ ሌላ ተቃውሞ ነው፦ «ተዘግቶ ነበር» ብሎ ሪፖርት ላይ መጻፍ ራሱ ፖለቲካ ይሆናል፣ ባለሙያውን ያስጠይቀዋል። ስጋቱን አላቃልለውም። መዘጋቱን የሚያሳየው ዓምድ ግን ማን እንደዘጋና ለምን እንደዘጋ አይናገርም፤ 1 ወይም 0 ይላል፣ ከመዝገቡም ይሰላል። በስሜት ሪፖርት ላይም ከእያንዳንዱ መቶኛ አጠገብ ስንት ሰው እንደጻፈና፣ በሚታወቅበት መጠን፣ ከየት እንደጻፈ ማስፈር ይቻላል። ሞዴሉን ስንፈትነውም ቀኖቹን በዘፈቀደ ከመቀላቀል ከመዘጋቱ በፊት ባለው አሠልጥነን ከተከፈተ በኋላ ባለው እንፈትነው። ውጤቱ እንደሚወርድ እገምታለሁ፤ ለደንበኛው የምናቀርበው ቁጥር ግን ያ የወረደው መሆን አለበት።